ሜዳ ላይ የተበተነ ፍግ ዝናብ ሲመጣ የት ይሄዳል?

በ2023 ሙቀቱ ሲጀምር ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ያለው ሎክ ኔይ የሚባል ትልቅ ሀይቅ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት መሰለ። ዳር ዳሩ ላይ ወፍራም ቅባት የመሰለ ነገር ተጋግሮ፣ ሽታው አላስቀርብ ብሎ፣ መዋኛ ቦታዎች ተዘጉ፣ ውሻ ይዞ ዳሩ ላይ መንሸራሸር እንኳን አደጋ አለው ተባለ። ይሄ ሀይቅ ደግሞ የሰሜን አየርላንድን የመጠጥ ውሃ 40 በመቶ ገደማ የሚሰጥ ነው። (እዚ ጽሁፍ ላይ ያሉት አመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

እንደዚ አይነት ነገር ስናይ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚመጣልን "የትኛው ፋብሪካ ነው የለቀቀው" የሚለው ነው። ግን ያንን አረንጓዴ ነገር የሚመግበው ፎስፈረስ የሚባለው ንጥረ ነገር ከ60 በመቶ በላይ የመጣው ከእርሻ ነው፣ የቀረው ከከተማ ፍሳሽና ከየቤቱ ሴፕቲክ ታንክ። የአካባቢው እርሻ ደግሞ በአብዛኛው ሳር ነው፣ ላምና በግ የሚግጥበት፣ ላየው ሰው ከሱ የበለጠ ንጹህ ቦታ ያለ የማይመስል ለምለም ሜዳ። እዛ ሜዳ ላይ የሚበተነው የላም እበት ነው፣ ፍግ ነው፣ አያቶቻችን እንደ "የመሬት ቅቤ" የሚያዩት ነገር። ታዲያ እንዴት ሆኖ ነው ይሄ ሀይቅ የሚያበላሸው? እሱን ነው ቀስ ብለን የምናየው።

ለምንድነው ፍጉን ሳር ላይ የሚበትኑት?

አየርላንድ ውስጥ ላሞች በብርዱ ወራት ሜዳ ላይ አይውሉም፣ በረት ይገባሉ። አንዲት የወተት ላም በቀን 50 ሊትር ገደማ እበትና ሽንት ታወጣለች። የበረቱ ወለል ክፍተት ክፍተት ያለው ኮንክሪት ነው፣ ሁሉም በክፍተቱ ወርዶ ከታች ያለ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከማጠቢያ ውሃና ከዝናብ ጋር ሲቀላቀል እንደ ወፈር ያለ አጥሚት ይሆናል። ይሄንን ስለሪ ይሉታል፣ እኔም እዚህ ስለሪ እያልኩ እቀጥላለሁ። 100 ላም ያለው ሰው በ5 ወር ውስጥ ስንት እንደሚጠራቀምበት አስቡት፣ ከ700 ሺህ ሊትር በላይ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ ወይ ባዶ ማድረግ ነው ወይ መትረፍረፉን ማየት ነው።

እና ባዶ የሚደረገው ሜዳው ላይ ነው። ትራክተር ታንከሩን እየጎተተ ይሄዳል፣ ከኋላው ያለችው ብረት ሳህን ፈሳሹን ወደ ላይ እያጋጨች እንደ ማራገቢያ ትበትነዋለች። ይሄ ስንፍና ወይ ቆሻሻ መጣል አይደለም፣ ሳሩ ላይ የሚያርፈው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም በብር የሚገዛውን ማዳበሪያ ይተካል፣ አፈሩንም ያለሰልሳል። ሀሳቡ ከኛው ጓሮ የተለየ አይደለም፣ አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረ ጓሮ ጠቁሮ ለስልሶ ጎመኑን እንዴት እንደሚያበቅል ገጠር የደረሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ችግሩ የሚጀምረው መጠኑ፣ ቀኑና ቦታው ላይ ነው።

ዝናቡ ሲወርድ ምን ይፈጠራል?

የዝናብ ጠብታ ሜዳ ላይ ስትወድቅ ሁለት መንገድ አላት፣ ወይ ወደ ውስጥ ትሰርጋለች ወይ ላይ ላዩን ተንሸራታ ወደ ቦዩ ትሄዳለች። አፈሩ ደረቅና ክፍት ከሆነ ትሰርጋለች፣ ቀድሞ በዝናብ የጠገበ ወይም በከብት ኮቴ የተጠቀጠቀ ከሆነ ግን የላይኛውን መንገድ ትይዛለች። ላይ ላዩን ስትሄድ ያገኘችውን ሁሉ እያሟሟች ነው የምትሄደው።

ተመራማሪዎች ይሄንን እንዴት እንደሚለኩት ደስ ይላል። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነች የሳር መሬት በብረት ክፈፍ ያጥራሉ፣ በቁልቁለቱ በኩል ውሃው የሚወርድባት ትንሽ አሸንዳ ይገጥማሉ፣ 3 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚረጭ ኖዝል ይሰቅሉና በሰአት 70 ሚሊሜትር የሚሆን ዝናብ ያዘንባሉ። ሰኔ ላይ ድንገት ወርዶ መንገዱን ወንዝ የሚያደርገውን አይነት ኃይለኛ ዝናብ አስቡ። አሸንዳው መፍሰስ ከጀመረ በኋላ 30 ደቂቃ የወረደውን ውሃ በባልዲ ያጠራቅሙና ውስጡ ያለውን ይለካሉ፣ ከዛ በሌላ ቀን እዛችው መሬት ላይ ደግመው ያዘንባሉ፣ ይደግማሉ።

ውጤቱን ለኛ ሰው ለማስረዳት ከቡና የተሻለ ነገር የለም። ፍግ ከተበተነ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ጎርፍ አቦል ነው፣ ጥቁር፣ ኃይለኛ፣ ያለ የሌለውን ሁሉ ይዞ የወጣ። ሁለተኛው ቶና ነው፣ ሶስተኛው በረካ፣ እየቀጠነ ይሄዳል ግን ጨርሶ ውሃ አይሆንም፣ ጣእሙ አለ። ስለዚ በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ አመት ውስጥ ከሚታጠበው ፎስፈረስ ብዙውን ድርሻ የሚይዘው አንዳንዴ ያች አንዷ፣ ከታንከሩ በኋላ ቶሎ የደረሰችው ዝናብ ልትሆን ትችላለች። ፍጉ ከተበተነ በኋላ ጥቂት ደረቅ ቀናት ቢያገኝ ግን፣ ወይም ወደ ውስጥ የሚያሰርግ ቀለል ያለ ካፊያ ቢያገኝ፣ ፎስፈረሱ ከአፈሩ ጋር መያያዝ ይጀምራልና አቦሉ ራሱ ቀጠን ብሎ ነው የሚወርደው። ያው አንድ አይነት ፍግ ነው፣ ልዩነቱ የቀን ምርጫ ብቻ ነው።

ሳሩ አያጣራውም እንዴ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው፣ እኔም እዚህ ጋር ረጋ ብዬ ማስረዳት የፈለግኩት ለዚህ ነው።

ሳር አፈር ይይዛል፣ ይሄ እውነት ነው። ታርሶ የተገለጠ መሬት ላይ ዝናብ ሲዘንብ የሚወርደው ውሃ ቀይ ወይ ቡናማ ነው፣ አባይ በክረምት እንደሚሆነው። እዛ ውሃ ውስጥ ፎስፈረሱ አብዛኛው ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ነው የሚሄደው፣ አፈሩ የሆነ ቦታ ሲረጋ አብሮ ይረጋል። ሳር ያለበት ቦታ ላይ ግን አፈሩ ንቅንቅ አይልም፣ የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ ላይ ቀጭን ሻይ ይመስላል፣ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ጥርት ያለ ነው፣ በብርጭቆ ብታዩት እንከን አታወጡለትም። ፎስፈረሱ ግን አለ። ልክ ስኳር ሻይ ውስጥ ሟሙቶ እንደሚጠፋው ሟሙቶ ነው ያለው፣ ሳሩ ደግሞ እንደ ወንፊት ነው፣ ወንፊት ዱቄቱን ከእንክርዳዱ ይለያል እንጂ ሻዩን ከስኳሩ አይለይም።

እንደውም ሁለት ነገር ጉዳዩን ያባብሰዋል። አንደኛው፣ የሟሟው ፎስፈረስ ለአልጌ፣ ማለትም ሀይቁን አረንጓዴ ላደረገው ነገር፣ የተዘጋጀ ምግብ ነው፣ ከአፈር ጋር የተጣበቀው ቀስ ብሎ ሲለቀቅ ይሄኛው ግን ሀይቁ እንደደረሰ ወዲያው ይበላል። ሁለተኛው፣ የሳር መሬት በየአመቱ አይታረስም፣ እርሻ ላይ ቢሆን ማረሻው ፍጉን ከስር ካለው አፈር ጋር ይገለብጠው ነበር፣ ሜዳ ላይ ግን አመት በመጣ ቁጥር የተበተነው ሁሉ እዛው የላይኛዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ላይ ይከማቻል፣ ጎርፉም ቢሆን የሚያጥበው እነሱኑ ነው።

መጠኑን ደግሞ እንየው። አንድ ሄክታር ሜዳ ላይ 30 ሜትር ኩብ ስለሪ ቢደፋ ውስጡ 15 ኪሎ ገደማ ፎስፈረስ አለ። ከሱ 1 ኪሎ በጎርፍ ቢሄድ ገበሬው ላያውቀውም ይችላል፣ የሳሩ ምርት ላይ የሚታይ ነገር የለም፣ ኪሱንም አይጎዳውም። ውሃው ግን ያውቀዋል። አሜሪካ ኦክላሆማ ክፍለ ግዛት ውስጥ ልዩ ጥበቃ ለሚደረግላቸው ወንዞች የተቀመጠው የፎስፈረስ ገደብ በሊትር 0.037 ሚሊግራም ነው። ያቺ 1 ኪሎ ፎስፈረስ 27 ሚሊዮን ሊትር ንጹህ ውሃን እዛ ገደብ ላይ ታደርሳለች። ሂሳቡን በካልኩሌተር ሞክሩት፣ 1 ኪሎ ማለት 1 ሚሊዮን ሚሊግራም ነው፣ ለ0.037 ማካፈል ብቻ ነው። ለሜዳው ኢምንት የሆነው ነገር ለሀይቁ ትልቅ የሆነው ለዚህ ነው፣ ገበሬው ይሄንን ከየት አመጣችሁት ቢል አይፈረድበትም።

አፈሩ መቼ ነው "በቃኝ" የሚለው?

አፈር ፎስፈረስን እንደ እንጀራ ነው የሚይዘው። ወጥ ሲጨለፍበት ይመጠዋል፣ ሌላ ሲጨመር ይመጠዋል፣ የሆነ ቦታ ላይ ግን ይሞላል፣ ከዛ በኋላ ያፈሰስከው ሁሉ ትሪው ላይ ይወርዳል። አፈር ውስጥ የተከማቸው ፎስፈረስ ከፍ ባለ ቁጥር ከዛ መሬት የሚወርደው ውሃም ውስጥ ያለው አብሮ ከፍ ይላል፣ ያውም በዛ አመት አንድ ጭልፋ ፍግ ሳይበተንበት። የድሮው ነው የሚወርደው።

እሺ ለምን እስከዛ ድረስ ይበተናል? አንዱ ምክንያት የፍግ አሰራር ራሱ ነው። ሳር ለ1 ኪሎ ፎስፈረስ 8 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይፈልጋል። የዶሮ ፍግ ግን ለ1 ኪሎ ፎስፈረስ የሚይዘው ናይትሮጅን ከ2 እስከ 4 ኪሎ ነው፣ ከዛችውም ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ በአየር ይሄዳል። አይን የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው። ስለዚ ሳሩ ናይትሮጅን እንዲጠግብ ብለህ ከበተንክ ፎስፈረሱ ሁለት ሶስት እጥፍ ይበዛል። ጨው አብሮት የተፈጨ ሚጥሚጣ በሉት፣ ማቃጠሉ እስኪበቃችሁ ከጨመራችሁ ጨው ይበዛል፣ ጨዉ ልክ ሲሆን ካቆማችሁ ደግሞ አያቃጥልም፣ ሁለቱን ነጥላችሁ መጨመር አትችሉም።

ሌላው ምክንያት መኖ ነው፣ ይሄ እንደሚገባው አይወራም። በብዛት የሚያረባ ሰው መኖውን ከሌላ ቦታ ነው የሚገዛው፣ በቆሎና አኩሪ አተር ከሩቅ አገር በመርከብ ይመጣል፣ ከሱ ጋር ፎስፈረስ ይመጣል። በወተትና በስጋ የሚወጣው ግን ከገባው ትንሹ ክፍል ነው፣ የቀረው በፍግ መልክ እዛው ይቀራል። በየአመቱ ገቢ እንጂ ወጪ የሌለበት ሂሳብ ማለት ነው፣ መሬቱ ላይ 30 እና 40 አመት ሲጠራቀም የሚሆነውን አስቡት። ሎክ ኔይ ዛሬ ቢቆም ዛሬ የማይድነውም ለዚሁ ነው፣ በአፈሩም ውስጥ በሀይቁ ወለል ጭቃም ውስጥ የተከማቸ አለ፣ ለማገገም አስርት አመታት ይፈጅበታል ነው የሚሉት የሚያጠኑት ሰዎች።

ውሃው ውስጥ ከገባ በኋላስ?

ፎስፈረስ በራሱ መርዝ አይደለም። ሀይቅ ውስጥ የሚያደርገው ሜዳ ላይ የሚያደርገውን ነው፣ ያበቅላል። አልጌ ይበቅላል፣ በተለይ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባለው፣ እሱ በትክክለኛው አነጋገር ባክቴሪያ ነው። ሙቀትና ጸጥ ያለ ቀን ሲያገኝ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፣ ከስር ላለው ብርሃን ይከለክላል፣ ሲሞት ደግሞ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ አሳው አየር ያጣል። አንዳንዱ አይነት ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ውሃን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ይሄንን መርዝ አያጠፋውም፣ ስለዚ አረንጓዴ የሆነ ውሃ አፍልቶ መጠጣት መፍትሄ አይደለም፣ ለከብትም ቢሆን ማጠጣት አደገኛ ነው።

ሎክ ኔይ ላይ ፍጉ ብቻውን አይደለም፣ ውሃው ሞቋል፣ ከውጪ የገባ ዜብራ መስል የሚባል ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ውሃውን እያጣራ ብርሃን ጠልቆ እንዲገባ አድርጓል፣ ሀይቁም ጥልቀት የለውም፣ በአማካይ 9 ሜትር ገደማ ነው። ጣናም እንደዚሁ ነው፣ ስፋቱ ብዙ እጥፍ ቢሆንም በአማካይ ከ10 ሜትር አያልፍም። ጥልቀት የሌለው ሀይቅ ነፋስ በመጣ ቁጥር የወለሉን ጭቃ ያማስለዋል፣ የተቀበረው ፎስፈረስ እንደገና ይነሳል።

ሌላኛው ጉዳት ደግሞ ፈጣን ነው። ስለሪ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ከገባ አልጌ እስኪበቅል አይጠበቅም። ጥሬ የሆነ የቤት ውስጥ ፍሳሽ ለመብላላት በአንድ ሊትር 300 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ የላም ስለሪ ግን ከ10,000 እስከ 20,000 ሚሊግራም ይፈልጋል። ስለሪ የገባበት ትንሽ ወንዝ በሰአታት ውስጥ ታፍኖ አሳው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል።

ናይትሮጅኑ መንገዱ ሌላ ነው፣ ናይትሬት ሆኖ በአብዛኛው ወደ ታች ሰርጎ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ይገባል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ማፍላትም አያወጣውም፣ በጡጦ የሚያድግ ጨቅላ ግን ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል። ለዛ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ላይ ገደብ ያስቀመጠው።

ጀርሙስ?

ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ዎከርተን የምትባል 5,000 ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ አለች። በ2000 ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ከከተማዋ የውሃ ጉድጓዶች ባንዱ አጠገብ ያለ እርሻ ላይ የከብት ፍግ ተበተነ። ከሜይ 8 እስከ 12 ባሉት 5 ቀናት 134 ሚሊሜትር ዝናብ ወረደ። ጉድጓዱ ጥልቀት አልነበረውም፣ ከስሩ ያለውም ድንጋይ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ አደገኛው አይነትና ካምፒሎባክተር የሚባል ሌላ ጀርም በስንጥቁ ወርደው ቧንቧ ውስጥ ገቡ። 7 ሰው ሞተ፣ ከ2,300 በላይ ሰው ታመመ። ከከተማው ግማሽ ማለት ይቻላል።

ከዛ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ያገኘውን ነገር ሳነብ እስካሁን ይከነክነኛል። ገበሬው ጥፋት አልነበረበትም፣ ፍጉን ያስተናገደው በደንቡ መሰረት ነው። ጥፋቱ የነበረው ውሃውን የሚያክሙት ሰዎች ጋር ነው፣ ክሎሪኑን በሚገባ አይጨምሩም፣ ሳይለኩ የለኩ አስመስለው ይመዘግቡ ነበር። የእበት ጀርም በተፈጥሮው ከእንስሳው አንጀት ሲወጣ ጸሀይና ድርቀት እየገደለው ይሄዳል፣ ግን ሳምንታት ይቆያል፣ በእርጥብ ጥላ ቦታ ከዛም በላይ። በደንብ ተከምሮ የሞቀ ብስባሽ ከሆነ፣ ውስጡ ለቀናት 55 ዲግሪ ከደረሰ፣ አብዛኛው ይሞታል። ፎስፈረሱ ግን ብስባሽ ስለሆነ አይቀንስም፣ እሱን እንዳትረሱ።

ታዲያ ምን ይደረጋል?

አብዛኛው መፍትሄ ተራ ነገር ነው። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 15 እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ ስለሪ መበተን ክልክል ነው፣ ሳሩ ስለማያድግ አይበላውም፣ መሬቱም ርሶ ነው። በቀሩት ወራትም በሚቀጥሉት 48 ሰአታት ውስጥ ከባድ ዝናብ ይመጣል ከተባለ፣ ወይም መሬቱ ውሃ ካቆረ፣ ወይም በረዶ ከሆነ አይበተንም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከወንዝና ከሀይቅ 10 ሜትር፣ ከምንጭና ከጉድጓድ 50 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። በምትበትነው ሳህን ፋንታ ቱቦዎቹ ሳሩን ገለጥ አድርገው ስሩ ላይ በመስመር በመስመር የሚያፈሱ ማሽኖች አሉ፣ አሞኒያው ይቀንሳል፣ ፈሳሹም ቅጠሉ ላይ ተንጠልጥሎ ዝናብ አይጠብቅም።

ከሁሉ በላይ ግን አፈሩን መመርመር ነው። ጠግቦ ያደረ መሬት ላይ መድፋት አቁሞ ለተራበው መውሰድ። ይሄ ሲያወሩት ቀላል ነው፣ ስለሪ ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሩቅ ማጓጓዝ ከዋጋው በላይ ነዳጅ ይበላል።

አንድ በጣም የምወደው ዘዴ አለ፣ የተገኘው አሜሪካ አርካንሳስ ውስጥ ነው። እዛ አካባቢ ዶሮ በገፍ ይረባል፣ ኩሱ ከተነጠፈለት ሰጋቱራ ወይ የሩዝ ገለባ ጋር ተጠርጎ ከብት የሚግጥበት ሳር ላይ ይበተናል። በ1990ዎቹ የመንግስት የእርሻ ምርምር ሰዎች የዶሮ ቤቱ ወለል ላይ አሉሚኒየም ሰልፌት መጨመር ጀመሩ፣ አሉሚኒየሙ ፎስፈረሱን አጥብቆ ይይዘዋል፣ በቀላሉ አይሟሟም። ጎን ለጎን ባሉ ሜዳዎች ላይ ሲያወዳድሩ የታከመው ፍግ ከተበተነበት የሚወርደው ውሃ ፎስፈረሱ በ75 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ያለው አሞኒያም ቀነሰ። አሉሚኒየም ሰልፌት ማለት የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ድፍርስ ውሃ ለማጥራት የሚጨምሩት ነው፣ አዋሽ መልካሳ ላይ የሚመረተው እሱው። ሀይቁ ከቆሸሸ በኋላ ማጣሪያው ላይ ከመጨመር እዛው ምንጩ ላይ መጨመር ማለት ነው።

ጥፋተኛው ገበሬው ነው?

እዛው አርካንሳስ ያለው ክርክር ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። የኢሊኖይ ወንዝ ከአርካንሳስ ተነስቶ ወደ ኦክላሆማ ይወርዳል። በ2005 የኦክላሆማ ግዛት ታይሰን ፉድስንና ሌሎች የዶሮ ኩባንያዎችን ከሰሰ፣ ገበሬዎቹን ሳይሆን። ምክንያቱም ዶሮውም መኖውም የኩባንያው ነው፣ ገበሬው የሚያሳድግበት ቤትና ጉልበት ነው ያለው፣ ፍጉ ግን ለሱ ይቀራል። ችሎቱ በ2010 አለቀ፣ ውሳኔው የተሰጠው ግን በጃንዋሪ 2023 ነው፣ ዳኛው ለኦክላሆማ ፈረዱ። ሰሜን አየርላንድ ውስጥም በ2024 ለሀይቁ 37 ነጥብ ያለው የድርጊት እቅድ ወጣ፣ በ2025 ጠበቅ ያለ የንጥረ ነገር ደንብ ረቂቅ ሲቀርብ ደግሞ ገበሬዎቹ አጥብቀው ተቃወሙት። እኔ ሁለቱም ወገን የሚለው ይገባኛል፣ ርካሽ ወተትና ርካሽ ዶሮ የምንገዛው ሰዎችም ሂሳቡ ውስጥ አለንበት ብዬ አስባለሁ።

እኛ አገርስ?

እኛ ጋር ችግሩ በአብዛኛው የተገለበጠ ነው። እበቱ ከሜዳው ተለቅሞ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፣ መሬቱ ሰጥቶ ሰጥቶ አይመለስለትም። ጣና ላይ በ2011 የታየው እንቦጭ የሚመገበው ንጥረ ነገር ዋናው መንገዱ ከታረሰ ተራራ የሚወርድ አፈር፣ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ነው፣ ሜዳ ላይ የተበተነ ፍግ አይደለም።

ግን ሁለት ቦታ ላይ ታሪኩ ይገናኛል። አንደኛው ከተማ ዳር ያሉት የወተት እርባታዎች ናቸው፣ ላሞቹ አሉ፣ መሬት የለም፣ በረቱ በውሃ ሲታጠብ የሚወጣው መሄጃው ቅርብ ያለው ወንዝ ይሆናል። ሁለተኛው ምንጭ ነው። ከብት በጋውን ሙሉ ምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ግጦሽ ላይ ይውላል፣ እበቱ ይደርቃል፣ ይከማቻል፣ ከዛ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ይመጣል። አቦሉ ማለት ነው። ያልታጠረ፣ ከላዩ ውሃ የሚመልስ ቦይ ያልተቆፈረለት ምንጭ ከሆነ ያ ሁሉ ገብቶ ነው የሚቀዳው። ቤተሰብ ገጠር ያላችሁ ስትደውሉ ጠይቁልኝ፣ የፍጉ ክምር ከውሃው በላይ ነው ወይስ በታች? በላይ ከሆነ በጋው ሳያልቅ ወደ ታች ይዘዋወር፣ ከምንጩ በላይ በኩል አንድ ክንድ የሚጠልቅ ቦይ አግድም ይቆፈር፣ ዝናቡ እንደጀመረ ባሉት ቀናት የሚቀዳው ውሃ ደግሞ ጥርት ያለ ቢመስልም ሳይፈላ ለህጻን አይሰጥ።